የረቡዕ እንቁላል

በጃፓን ምግብ ላይ ስዘብት ነው የኖርኩት፤ ምን ልዋሽ። ልጄ ሶሊ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ቦከንሃይም የሚባል ሰፈር ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ትኖር ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጎራ ስል ወጥ ቤቱን አተራምሳው አገኛታለሁ። እዚህ ሩዝ፣ እዚያ በሰሊጥ የታሸ ቆስጣ፣ ወዲያ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል የዶሮ ሥጋ ድቡልቡል። ሁሉንም በትንንሽ የወረቀት ስኒ ትከፋፍልና ፍሪዘር ውስጥ ትደረድረዋለች። የሳምንቱ ምሳዋ መሆኑ ነው። ጠዋት ጠዋት ከየዓይነቱ አንዳንድ እያነሳች ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ትጠቀጥቅና ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። ቤንቶ ይባላል።

«ይሄ የአሻንጉሊት ምሳ ነው» እላታለሁ። «ትልቅ ሴትዮ ሆነሽ፣ ለብቻሽ፣ ከሳጥን? ያውም ቀዝቃዛ?»

«ማማ፣ ቢተ!» ትለኛለች፤ እባክሽ ማለቷ ነው። ስትቆጣ ሁልጊዜ በጀርመንኛ ነው። ከዚያ ሳቋ ይቀድማትና አንዱን የዶሮ ድቡልቡል አንስታ አፌ ውስጥ ትከተዋለች። ይጣፍጥ ነበር። ግን ይጣፍጣል ብላት ጉራዋን ማን ይችለዋል? ዝም ብዬ አኝካለሁ።

እዚሁ ፍራንክፈርት ጃፓንኛ አጥንታ፣ ኦሳካ ሄዳ ዓመት ተቀምጣ ነው የተመለሰችው። ቤት ያከራየቻት አሮጊት ናት ይሄን ያስተማረቻት። ሌላው ሰው ከጃፓን ስልክና ካሜራ ይዞ ይመጣል፤ የኔዋ አራት ማዕዘን መጥበሻ ይዛ መጣች።

ፋሲካ ባለፈ ሰሞን ሆዷን አመማት። ስሙን መጥራት ባልወድም ካንሰር ነው። ዞመሩን፣ የዚህን አገር በጋ ሙሉ፣ ኬሞ የሚሉትን መርዝ ሲያንቆረቁሩባት ከረሙ። ጥቅምት ላይ እንደገና ሆስፒታል አስተኟት። ዶክተሯ፣ ቀጭን ሴትዮ ናት፣ ኮሪደር ላይ አቁማ ነገረችኝ።

«አንድ አዲስ መድኃኒት አለ። ግን በዚህ አቅሟ አትችለውም። ትብላ። ኪሎ ትጨምር። ያኔ እንጀምራለን።»

በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ዓለም በሙሉ ለእኔ አንድ ነገር ሆነች፦ ሶሊ በላች ወይስ አልበላችም?

እኔም እሺ ብዬ ዶሮ ወጥ ሠርቼ ይዤ ሄድኩ። ገና ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ሄደባትና አስመለሳት። አፈር ልብላ! ያሳደጋት ምግብ እኮ ነው! አፏን ጠርጌላት ስጨርስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ አየችኝ።

«እማዬ፣ ትኩስ ነገር አልችልም። ሽታው ነው። ቀዝቃዛ፣ ትንንሽ የሆነ ነገር… ቤንቶ ብትሠሪልኝስ?»

እንግዲህ እኔ ሀረገወይን፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ የአሻንጉሊት ምሳ ተማርኩ።

ሳጥኖቿንና መጥበሻዋን ከቦከንሃይም ፌኸንሃይም ወዳለው ቤቴ አጋዝኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስሠራ ስልኬን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈዋለሁ፤ እሷ አልጋዋ ላይ ሆና በቪዲዮ ታዘኛለች።

«እጅሽን አርጥቢው። ጨው ነስንሺበት። አሁን ሩዙን ያዢው። ኧረ አትነቂው፣ እማዬ! ቀስ ብለሽ ጠበቅ አድርጊው።»

«ይኸው። ልክደነው?»

«ናይን! በትኩሱ አትክደኚው፤ እንፋሎቱ ያበላሸዋል። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ።»

አስቸጋሪው እንቁላሉ ነው። ስስ አድርገሽ ታፈሺዋለሽ፣ ትጠቀልይዋለሽ፣ እንደገና ታፈሺለታለሽ፣ ከነበረው ጋር እንደገና ትጠቀልይዋለሽ። የመጀመሪያው የተጨመቀ የወለል ጨርቅ መሰለ። ሶሊ እሱን አይታ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ አመማትና ስልኳ ከእጇ ወደቀ። ስልኩ ላይ ጣሪያው ብቻ ታየኝ። ሌላ እንቁላል ሰበርኩ።

እየቆየ ግን እጄ ለመደው። ሩዙም፣ ዶሮውም፣ ካሮቱም፣ እንቁላሉም በየስኒው ሆኖ ፍሪዘር ይገባል። ጠዋት የዕለቱን አሙቄ፣ መልሼ አቀዝቅዤ፣ ሳጥኑ ውስጥ እጠቀጥቃለሁ። ቦታ አይተውም፤ ምግቡ መንገድ ላይ እንዳይንገላታ ነው። ካሮቱን አበባ አድርጌ መቁረጥ ጀመርኩ። ማን ያምናል?

ሳጥኑን በፌስታል ይዤ በትራም ወደ ከተማ፣ ከዚያ ከማይን ወንዝ ማዶ ወደ ሆስፒታሉ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሶሊ ታስወጣኛለች። «ሰው እያየኝ አይወርድልኝም» ትላለች። እኔም ወንዙ ዳር ወርጄ አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጥና ጀልባውንም ውሻ የሚያናፍሰውንም ሰው ሳይ እቆያለሁ። ስመለስ ሳጥኑ ተከድኖ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀኛል። ክፍሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፍረወይኒን አገኛታለሁ። ለበሽተኞች ምግብ የምታመላልስ ኤርትራዊት ናት፤ እኔን በትግርኛ «ኣደይ»፣ እናቴ፣ እያለች ነው የምትጠራኝ። ስገባ ብድግ ብላ ትወጣለች። ጥሩ ልጅ ናት እል ነበር፤ ልጄን ታጫውትልኛለች።

«ቆስጣው እንዴት ነበር?» እላታለሁ ሶሊን።

«ዛሬ ጨው በዝቶበታል። ካሮቱ ግን ምርጥ ነው።»

ማታ ትራም ውስጥ ገና ሳልደላደል ክዳኑን እከፍታለሁ። ባዶ! አንዲት የሩዝ ፍሬ እንኳ የለችም። ሰው ባይኖር እልል እል ነበር።

ባዶ ምሳ ዕቃ እኛ ቤት ተራ ነገር አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ጉልላት በደርግ ጊዜ ሲታሰር እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ስንቅ ይዘን እንሄዳለን። ማየት አይፈቀድም፤ መነጋገር አይፈቀድም። ዘበኛው የሞላውን ምሳ ዕቃ ተቀብሎ ይገባል፤ ቆይቶ የትናንቱን ይዞ ይወጣል። ባዶ ከሆነ ጉልላት አለ ማለት ነው። አንዳንዷ እናት ግን ምሳ ዕቃዋ ሳይነካ እንደሞላ ይመለስላትና «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» ትባላለች። እዚያው በሩ ላይ ስትወድቅ አይቻለሁ። እናቴ የእኛን ባዶ ተቀብላ ትስመው ነበር።

ሶሊ ኪንደርጋርተን እያለች የያዘችውን ዳቦ ሳትበላ ስትመልስ ይሄን ነገርኳት። «በእኛ ቤት ምሳ ዕቃ ባዶውን ነው የሚመለሰው» አልኳት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ለሕፃን አይነገርም ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን ዶክተሯ ጠራችኝ። «አልጨመረችም። እንዲያውም ቀንሳለች» አለችኝ።

«ሚዛናችሁ ተበላሽቷል» አልኳት። «ልጄ የሠራሁላትን ሁሉ ትበላለች። ይኸው!» ብዬ ባዶውን ሳጥን አፍንጫዋ ሥር ከፈትኩት።

ሴትዮዋ ሳጥኑን አየች፣ እኔን አየች። ንድድ አለኝ። ኪሎ የሚያውቅ ሁሉ ልጄን ያወቀ ይመስለዋል።

በዚያው ሰሞን አንድ ረቡዕ ማታ ሳጥኑን ስከፍት እንቁላሉ አለ። ዶሮውም አለ። ሩዙ፣ ቆስጣው፣ ካሮቱ ተበልቷል። ዛሬ እንቁላል አላሰኛትም ማለት ነው ብዬ አለፍኩት። ሐሙስ ባዶ መጣ። ዓርብ ስከፍት እንደገና እንቁላሉና ዶሮው ቁጭ ብለዋል።

እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ከሚጣል ልብላው ብዬ እጄን ወደ እንቁላሉ ሰደድኩ። «ኧረ ዓርብ ነው!» አልኩና መለስኩት። ጾም ገድፌ አላውቅም። ሶሊን የወለድኩ ዕለት እንኳ ዓርብ ነበር፤ ያመጡልኝን ሾርባ ሥጋ አለበት ብዬ መልሼ ነርሶቹን ጉድ አሰኝቻለሁ።

እጄን ክዳኑ ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ።

እኔም አልበላሁትም። ረቡዕና ዓርብ ስለሆነ አልበላሁትም። ታዲያ ይሄን እንቁላል ማን ነው የተወው? ሶሊ? ሶሊ የምታውቀው ጾም ደም በሚወሰድላት ጠዋት ቁርስ መከልከሏን ብቻ ነው። መውረጃዬ አለፈኝ፤ ትራሙ መጨረሻው ላይ ቆሞ ሹፌሩ መጥቶ እስኪያናግረኝ ድረስ ሳጥኑን አቅፌ ተቀምጬ ነበር።

እርግጠኛ መሆን ነበረብኝ። የሚቀጥለው ረቡዕ ሳጥኑን በሙሉ የጾም አደረግኩት፦ ሩዝ፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ በአኩሪ አተር ሶስ የታሸ ስኳር ድንች። ማታ ስከፍተው የተላሰ ይመስላል። ቀናቱን ሙሉ «የበላችው እሷ ትሁን» እያልኩ ስለምን ነበር። እናት ሆኖ ባዶ ሳጥን አይቶ ማልቀስ አለ? አለቀስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሶሊ ዘንድ ሳልገባ ፍረወይኒን ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት። የምግብ ጋሪዋን እየገፋች ነበር።

«አንቺ! የልጄን ምግብ የምትበዪው አንቺ ነሽ?»

ልትክድ አልሞከረችም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ኣደይ፣ ለምናኝ እኮ ነው። ‹ሳጥኑ ሳይበላ ከተመለሰ እናቴ ትሞትብኛለች› አለችኝ። ልድፋው ብላት ‹የእናቴ እጅ አይደፋም› ብላ ተቆጣችኝ። ወንበሩ ላይ አስቀምጣ እያየችኝ ነው የምበላው። ጨው በዝቷል ወይ፣ ካሮቱ እንዴት ነው እያለች ትጠይቀኛለች። እርስዎ ሲጠይቋት የምትመልሰው እንዳታጣ ነው።»

«ረቡዕና ዓርብስ?»

«የፍስኩን እንዴት ልብላው ኣደይ? የማርያም ልጅ ነኝ እኮ።»

ልመታት ነበር የሄድኩት፤ እውነቴን ነው። እጄ ግን አቀፋት። ትከሻዋ ላይ ሆኜ «እሷ ምን ትበላለች ታዲያ?» አልኳት።

«ሻይ ትቀምሳለች። በረዶ ትመጣለች አንዳንዴ። ሌላው አይወርድላትም።»

ሶሊ ክፍል ስገባ ፊቴን አየችና ገባት። ትንሽ ልጅ ሆና ዕቃ ስትሰብር እንደምታደርገው አንሶላውን እስከ አገጯ ሳበችው። አልተቆጣኋትም። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«የጉልላትን ነገር ጨርሼ አልነገርኩሽም» አልኳት። «አንድ አብሮት የታሰረ ልጅ ተፈቶ ቤታችን መጣ። ጉልላትን የወሰዱት ክረምቱ ሳይገባ ነው አለን። እኛ ግን ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ስንቅ ስናመላልስ ነበር። ምሳ ዕቃው ባዶውን ነበር የሚመለስልን።»

«ማን ነበር የሚበላው?» አለች በሹክሹክታ።

«አብረውት የነበሩት። ርቧቸዋል፤ ደግሞም ለእናቴ አዝነዋል። ክፉዎች አልነበሩም። እናቴ ግን ልጄ ሞቶ እኔ ባዶ ዕቃ እየሳምኩ ስስቅ ከረምኩ ብላ ራሷን ደበደበች። ከዚያ ወዲያ ደህና ሆና አታውቅም። ሶሊዬ፣ እኔን እንደሷ አታድርጊኝ። ያልበላሽውን እንዳለ መልሽልኝ።»

«ታለቅሻለሽ።»

«ላልቅሳ! ማን ይከለክለኛል?»

በጀርመንኛ የሆነ ነገር ጀመረችና ተወችው። «አይወርድልኝም እማዬ። ሞከርኩ። በጣም ሞከርኩ። ለመዳን ብዬ ሳይሆን ላንቺ ብዬ ሞከርኩ። አይወርድም።»

ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አደረግኩት። ፀጉሯ አልነበረም፤ ስትወለድ እንደነበረችው ነበረች። ተላቀስን። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፍ ሁሉ ሰምቷል፤ ይስማ።

ዶክተሯ ማታ መጣች። አዲሱ መድኃኒት እንደማይሆን፣ ከእንግዲህ ሕመሟን ብቻ እንደሚያስታግሱላት ቀስ ብላ ነገረችን። ስትወጣ ተከትያት ሄድኩ። «ሚዛኑ ደህና ነው» አልኳት። እጄን ያዘችኝ፤ እኔም አልመነጨቅኳትም።

ቤንቶውን መሥራት ግን አልተውኩም። ፍረወይኒ «ለምን ይደክማሉ ኣደይ?» አለችኝ። ምን ልሥራ ታዲያ? ቅዳሜ መጥቶ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ሶሊም አትተዪው አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት ላይ አታስወጣኝም። ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ትከፍተዋለች፣ ታየዋለች። «ሩዙ አሁን ቅርጹን ያዘ» ትላለች። «ካሮቱ ግን ጽጌረዳ ነው ወይስ ጎመን?» ከዚያ በሁለቱ የጃፓን መብያ እንጨቶቿ ታጎርሰኛለች። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ አፌን ወደ እሷ አስጠጋላታለሁ።

«ይጣፍጣል?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ድሮም ይጣፍጥ ነበር።»

«አውቅ ነበር» ብላ ሳቀች። «እያኘክሽ ዓይንሽን ትጨፍኚያለሽ እኮ።»

ማታ ሳጥኑን ስወስደው እኔን ካጎረሰችኝ በቀር ሁሉም እንዳለ ነው። ትራም ውስጥ ከፍቼ አየዋለሁ። ያማል። ግን የት እንዳለች አውቃለሁ። ፍሪዘሩ ውስጥ ያሉት ስኒዎች እየቀነሱ ሲሄዱ ሌላ ልጨምር ወይ ብዬ እቆምና እጨምራለሁ። እጄ እንቢ አይልም።

አንድ ሐሙስ ማታ ልወጣ ስነሳ «ሳጥኑን ዛሬ ተዪልኝ» አለችኝ። እንዲህ ብላ አታውቅም። «ምናልባት በኋላ እሞክር ይሆናል።» አጠገቧ አስቀመጥኩላት። ክዳኑን ላላ አደረግኩት፤ ጣቷ አቅም የለውም። ግንባሯን ሳምኳት። «ቺዩስ፣ ማማ» ብላ በጀርመንኛ ተሰናበተችኝ፤ ቆየት ብላ ደግሞ «ደህና እደሪ» አለች።

ዓርብ ሊነጋጋ ሲል ስልኬ ጮኸ። ምን እንደለበስኩ አላውቅም። ስደርስ ልጄ የለችም። አልጋው ላይ ናት፣ ግን የለችም። «ሶሊ!» ብዬ ጮህኩ። «ሶሊዬ፣ እኔን! እኔን ያስቀድመኝ!» ዶክተሯ መጣች፣ ነርሶች መጡ፤ ማንም ዝም በይ አላለኝም። እግሯን አሸሁት። ቀዝቅዞ ነበር። እኔ ነኝ በሰላም ተኝቼ ያደርኩት፣ እሷ ናት የሄደችው፤ ይሄን ምን ይሉታል?

ፀሐይ ስትወጣ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ፍረወይኒ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች፤ ሥራ ላይ አልነበረችም፣ ሰምታ ነው የመጣችው። እግሬ ሥር ተንበረከከችና ሳጥኑን ከጠረጴዛው አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ማታ ሻይ ይዤላት ስገባ ከፍታው ነበር» አለችኝ። «ቅመሺልኝ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። አላለችኝም። ራሷ አነሳች። ውጣዋለች ኣደይ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ክዳኑን ከፈትኩት። ሩዙ እንዳለ ነው። ቆስጣው፣ ዶሮው፣ ካሮቱ እንዳሉ ናቸው። የእንቁላሉ ጫፍ ግን ተነክሷል። ትንሽ ነው፤ ወፍ የነካው ያህል። የፊት ጥርሷ አንዱ በአንዱ ላይ ትንሽ ይደርብ ነበር፤ ምልክቱ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይሄን የበላችው ልጄ ናት። ሌላ ማንም አይደለም።

እንቁላሉን በጣቴ አነሳሁት።

«ኣደይ» አለችኝ ፍረወይኒ ቀስ ብላ። «ዓርብ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኳት፤ ልጄ ከነከሰችበት በኩል ጀምሬ በላሁት።